አንድ ዙር ተኩል

ባሕር ዳር፣ ዳር ላይ ነን፤ ከአጥሩ ጀርባ ጣና፤
ሌሊት ሲገላበጥ ድምፁ ይሰማና
ያ ሁሉ ውሃ ተኝቶ በደጃችን፣
በጀሪካን ወረፋ ይነጋል ሌሊታችን።
ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ፣
ከሌሊቱ ስምንት፤ ያኔ ነው መንቃቴ።

መንገድ ሲቆፈር የድሮው መስመር ተቆርጦ፣
ግማሹ እንደነበር፣ ግማሹ ተለውጦ፣
ብረቱ ከአፈር ወጣ አርባ ዓመት ዝጎበት፣
ፕላስቲኩ ከሱቅ መጣ ዋጋው ተለጥፎበት።
ማን ያስማማቸዋል እነዚህን ሁለት?
ጋሽ ገደፋው መጡ ከግሽ ዓባይ በጠዋት።

ስማቸው ገደፋው፤ ሥራቸው ግን አይገድፍ፤
ስንት ግቢ ቧንቧ በእጃቸው የሚያልፍ።
አሁን ግን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤
ጂራ ቱቦው ሲነሳ ከጣት ያመልጣል።
ጡንቻ ስለቸገራቸው እኔን ጠሩኝ፤
«አንማው፣ ና እስቲ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

አላስጨረስኳቸው። የብረቱን ወንዴ
ከፕላስቲኩ ሴቴ አስገብቼ አንዴ፣
በሙሉ ክብደቴ ቁልፉ ላይ ወጥቼ፣
እስኪጮህ አዞርኩት ጥርሴን አፋጭቼ።
«ይሁን» አሉ ብቻ፣ ምንም ሳይቆጡ፤
«ሌሊቱ ይነግርሃል» ብለው ወጡ።

ስምንት ሰዓት ላይ ባዶው ቧንቧ አፏጨ፣
አየሩ ተስቦ ጉሮሮው ተንጫጨ፤
ከተማው ሲተኛ ግፊቱ ይበረታል፤
ማን ነግሮኝ?
ከዚያ ቀጭ!
ሴቴዋ ተሰንጥቃ ከአንገት እስከ ወገብ፣
ውሃው ግቢ ለግቢ ሮጠ ሳይገደብ።
ሳራቺኔስካውን ስፈልግ በጨለማ፣
እትዬ ዘርትሁን በባልዲ፣ ልጆቹ በሳህን፣ ሁሉም ሲሻማ፣
አንድ ጀሪካን እንኳ አልሞላንም ያን ለት።

ሲነጋጋ መጡ። ስብርባሪውን አንስተው
እንደ ሐኪም አዩት ለጮራው አስጠግተው።
«ብረት ወንዴ ሲሆን ሴቴዋን ይገፋል፤
ጉልበት ሲጨመር ደግሞ ልቧ ይከፈታል።
ገልብጠው፤ ፕላስቲኩ ይግባ ወንዴ ሆኖ፣
ብረቱ ይቀፈው ከላይ ተከድኖ።
የሚሰፋው ከውስጥ፣ የማይሰፋው ከውጭ፤
ያኔ ግፊት ቢመጣም አይልም ቀጭ።»

በዛገው ጫፍ ላይ የብረት ሴቴ በቃጫ አሰርኩ፤
«እዚህ ላይ ጉልበትህን ጨርሰው» ሲሉኝ ጨረስኩ።
ቃጫና ቀለሙን ደግሜ ላነሳ ስል፣ «ተው!
ያ ለብረትና ለብረት ነው።
ቅባት ሲነካው ይሄ ውስጥ ውስጡን ይሞታል፤
ነጭ ቴፍሎን ጠቅልልለት፤ እሱ ይበቃዋል።»
በቀኝ አጠቀለልኩ፣ ጥርሱ በሚዞርበት
(በግራ ከሆነ ሲጠብቅ ነው የሚፈታበት)፣
አምስት ዙር፣ ስስ አድርጌ፣ እንደ ጣት ቁስል ጨርቅ።
«አሁን በእጅህ አጥብቅ፤ ከቁልፉ ራቅ፣ ራቅ።»

እጄ አልዞር ሲለው እሳቸው ተጠግተው
ጂራ ቱቦውን ያዙ፣ ያንን እጅ ዘርግተው።
አንድ ዙር።
ከዚያ ግማሽ።
ከዚያ አቅም አነሳቸው።
ቆሙ።
«ልኩ ይሄ ነው» አሉ፣ «የደከመ ሰው ኃይል፤
ጎረምሳ ሳለሁ ስንቱን የሰበርኩ ይመስልሃል?
በብረት ዘመን ጉልበት ነበረኝ፤ ፕላስቲክ ሲመጣ እጄ ዛለ፤
እንግዲህ ለዛለም እጅ የሚሆን ሥራ አለ።»

ከመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ አነጠፍን፤
በሞባይል መብራት ተራ ገብተን ጠበቅን።
ስምንት ሰዓት። አፏጨ። ጉሮሮውን ጠረገ።
ባልዲው ሞላ፣ በርሜሉ ሞላ፣ ድስቱ ሁሉ አደገደገ፤
እኔ ግን አላመንኩም፤ ጣቴን ከጥርሱ ሥር አስጠግቼ
አንድ ጠብታ ስጠብቅ፣ ነጋ ሳልተኛ አፍጥጬ።
ጋዜጣው ከትናንት ወሬው በቀር ምንም አልያዘም።

ጋሽ ገደፋው የድካማቸውን ሁለት ቀረሶ ተቀብለው፣
ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በሩ ጋ ዘወር ብለው፦
«ቅዳሜ ዘንዘልማ ሥራ አለ» አሉኝ፤
«ጉልበትህን ከቤት ጥለህ ና።»